ኮራል በሕጋዊ መንገድ ድንበር ማሻገር፦ ምርቃት አትቀበሉ

ለቤቴ ገንዳ ከውጭ ያዘዝኳቸውን ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የያዘው የመጀመሪያው ሳጥኔ ጉምሩክ ላይ ሲከፈት ወረቀቱ 12 ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ኮራል የያዙት ላስቲኮች 14 ናቸው። ተቆጣጣሪዋ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሻጩ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ስለገዛሁት ሞንቲፖራ የሚባል ኮራል ሁለት ትንንሽ ቁራጮች መርቆልኝ ነው። ሰርፕራይዝ ሊያደርገኝ ብሎ አልነገረኝም። ምርቃቶቹ ተወረሱ። የቀሩት 12ቱም ጉዳዩ እስኪጣራ ሳጥን ውስጥ ሲጠብቁ ውለው፣ ሦስቱ ነጭ አጽም ሆነው እጄ ገቡ።

ጣጣው ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ነው። ወረቀቱ ኮራሉ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ ያለውና ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ በስምም በቁጥርም አንድ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ የያዛችሁት ምን ዓይነት ኮራል ነው?

ሳይተስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ፣ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ፣ አሁን ከ180 በላይ አገሮች አባል ናቸው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ድንበር ተሻግረው ሲነገዱ የሚገዛቸው ይሄ ነው። ሦስት ዝርዝሮች አሉት። አንደኛው ላይ ያሉት ለንግድ በጭራሽ አይሻገሩም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ያሉት በፈቃድ ይሻገራሉ። ሦስተኛውን አንድ አገር ብቻዋን ጥበቃ ስትጠይቅ ነው የምታስመዘግብበት። እኛ ገንዳ ውስጥ የምናሳድጋቸው ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ሁለተኛው ላይ ናቸው። አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ዩፊሊያ፣ ጎኒዮፖራ፣ ከታች ድንጋይ የሚመስል አጽም የሚሠራ እውነተኛ ድንጋያማ ኮራል ሁሉ፣ ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ከባሕር ተነቀለ ወይ ገንዳ ውስጥ ተቆረጠ፣ ፈቃድ ይፈልጋል።

ድንጋያማ ከሚባለው ቡድን ውጭ ሆነው ዝርዝሩ ላይ ያሉም አሉ። ሰማያዊ ኮራል፣ ቀዩ ኦርጋን ፓይፕ፣ የሚያቃጥለው ፋየር ኮራል እና ጥቁር ኮራል። እግረ መንገዳችሁን ትልልቆቹን የትሪዳክና ዛጎሎች ወይም የባሕር ፈረስ ለመጨመር ካሰባችሁ እነሱም እዚያው ናቸው።

ዞአንቲድ፣ ዜኒያ፣ ቆዳ የሚመስሉት ሌዘር ኮራሎች፣ ዲስኮሶማ ዓይነቶቹ መሽሩሞች ግን በሳይተስ አልተመዘገቡም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መሽሩም ኮራል የሚለው ስም ለዲስኮሶማም፣ ሳህን ለሚመስለው ለፈንጂያም ይሰጣል። ዲስኮሶማ ሥጋ ብቻ ነው። ፈንጂያ ግን ከሥሩ ጠንካራ አጽም አለው፣ ስለዚህ ፈቃድ ይፈልጋል። ሻጩ መሽሩም ነው ስላላችሁ ብቻ ነፃ ነው ብላችሁ እንዳትጓዙ።

ሌላው ወጥመድ ድንጋዩ ራሱ ነው። ዞአንቲዱ ነፃ ነው እንበል። የተጣበቀበት ቁራጭ ግን የሞተ ኮራል ድንጋይ ከሆነ፣ በሳይተስ አሠራር ያ ድንጋይ ራሱ እንደ ድንጋያማ ኮራል ይቆጠራል። ላይቭ ሮክ የምንለው፣ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት የተጣበቁበት የኮራል ድንጋይም እንደዚሁ። ልኬት ሁሉ አለው። እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት አሸዋ ነው፣ ከ2 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው ስብርባሪ ነው፣ ሁለቱም ፈቃድ አይጠይቁም፤ ከ3 ሴንቲሜትር ያለፈ ጠንካራ ቁራጭ ግን የኮራል ድንጋይ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ኮራል ስታዝዙ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ መቀመጫ ላይ የበቀለ ይሁን በሉ። አንድ አረፍተ ነገር ናት፣ ብዙ ሩጫ ታስቀራለች።

አልተመዘገበም ማለት ደግሞ እንዲሁ በኪስ ይገባል ማለት አይደለም። የየአገሩ የዱር እንስሳት ሕግ፣ የእንስሳት ጤና ቁጥጥርና ጉምሩክ አሁንም አሉ። ለምሳሌ አሜሪካ ሳይተስ ላይ ያለውንም የሌለውንም የዱር እንስሳ ስታስገቡ 3-177 በሚባል ቅጽ ለአሳና ዱር እንስሳት አገልግሎቱ እንድታሳውቁ ትጠይቃለች።

የንግድ ስሙን እርሱት

ቶርች፣ ሃመር፣ ፍሮግስፓውን የሚባሉት ለገበያ ያምራሉ፣ ፈቃድ ላይ ግን አይሠሩም። ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ሳይንሳዊ ስም ነው፣ እሱም የቅርብ ጊዜ ጥናት ላይ ያነበባችሁት ሳይሆን ሳይተስ የሚጠቀምበት። ሃመርን ለዓመታት ዩፊሊያ አንኮራ ስንል ኖርን። ቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች እሱንና ፍሮግስፓውንን ከቶርቹ ለይተው ፊምብሪያፊሊያ ወደሚባል ወገን ወሰዷቸው። በሻጩ ኢንቮይስ (የሽያጭ ሰነድ) ላይ አዲሱ ስም፣ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የድሮው ስም ቢኖር፣ የባዮሎጂ ሰው ያልሆነ የጉምሩክ ሠራተኛ የሚያየው ሁለት የተለያየ እንስሳ ነው። ተከራክራችሁ ልታስረዱት ትችሉ ይሆናል፤ ኮራሉ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ላስቲክ ውስጥ ነው።

ስፒሺስ ፕላስ የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ አለ። ስሙን እዚያ አስገቡ። በየትኛው ዝርዝር ላይ እንዳለ፣ ተቀባይነት ያለው ስም የትኛው እንደሆነ፣ ከተወሰነ አገር ሲመጣ እገዳ ወይም ኮታ እንዳለበት ይነግራችኋል። ከዚያ ያንኑ ስም፣ ፊደል ሳይዛነፍ፣ ፈቃዱ ላይ፣ ኢንቮይሱ ላይ፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የሳጥኑ ይዘት ዝርዝር) ላይ እና ላስቲኩ ላይ ጻፉ ወይም አጻፉ።

ሁሉንም ኮራል እስከ ዝርያው መለየት ቀላል አይደለም። ለአንዳንዶቹ የወገኑ ስም ብቻ በቂ እንደሆነ ሳይተስ ራሱ ይቀበላል፣ ዝርዝርም አውጥቶላቸዋል። ለሌሎቹ ግን ዝርያው ያስፈልጋል። የናንተው የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን አገር ጠይቁ

ብዙው ሰው ከሻጩ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። እያንዳንዱ የሳይተስ አባል አገር ፈቃድ የሚሰጥ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት አለው፣ የሁሉም አድራሻ በሳይተስ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ለእነሱ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ይሄን ዝርያ፣ ይህን ያህል ቁራጭ፣ ከዚህ አገር፣ ለግሌ ገንዳ ላስገባ ነው፣ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ፣ በየትኛው መግቢያ በር ነው የማስገባው በሉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። በስልክ የተባለ ነገር ጉምሩክ ፊት አይቆምም።

ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ስምምነቱ ራሱ ለሁለተኛው ዝርዝር የሚጠይቀው የላኪውን አገር ፈቃድ ብቻ ነው። አገሮች ግን ከዚያ በላይ የማጥበቅ መብት አላቸው፣ እናም ያጠብቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከኤክስፖርት ፈቃዱ ሌላ የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንግሊዝም እንደዚሁ። ኅብረቱ ላኪዋ አገር ፈቅዳም እንኳ ከተወሰኑ አገሮች የተወሰኑ ኮራሎች እንዳይገቡ ሊያግድ ይችላል። በኅብረቱ ውስጥ ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ስትሄዱ የሳይተስ ፈቃድ የለም፣ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን የሚያሳይ ማስረጃ ግን መያዝ አለባችሁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ ደግሞ በታላቋ ብሪታኒያና በኅብረቱ መካከል ለድንጋያማ ኮራል ሙሉ የሳይተስ ወረቀት ያስፈልጋል። በፊት ጓደኛሞች በፖስታ ይለዋወጡት የነበረው ያው ፍራግ (ከእናት ኮራል የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ) ነው፣ ድንበሩ ነው የመጣበት።

አሜሪካ ለሁለተኛው ዝርዝር የማስገቢያ ፈቃድ አትጠይቅም። ግን ሕይወት ያለው እንስሳ በተመረጡ ወደቦች ብቻ ነው የሚገባው፣ ለፍተሻው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ግድ ነው፣ ለንግድ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያለው አስመጪ መሆን አለባችሁ። ሌላም አለ። ኤልክሆርንና ስታግሆርን የሚባሉት የካሪቢያን አክሮፖራዎች ከ2006 ጀምሮ በመጥፋት ስጋት ላይ ያሉ ዝርያዎች ሕጓ ውስጥ ተመዝግበዋል፣ በ2014 ሌሎች 20 የኮራል ዝርያዎች ተጨምረዋል። ለኤልክሆርንና ለስታግሆርን የሳይተስ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ከሻጩ ምን ትጠይቃላችሁ?

ሁለት ወረቀቶች አሉ፣ አይምታቱባችሁ። ኮራሉ ከዚያችው አገር ባሕር የተገኘ ወይም እዚያው የተወለደ ከሆነ የኤክስፖርት ፈቃድ ነው። ከሌላ አገር ገብቶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ የድጋሚ ኤክስፖርት ሰርተፍኬት ነው፣ በላዩም ላይ መጀመሪያ የተነሳበት አገርና የመጀመሪያው ፈቃድ ቁጥር መጻፍ አለበት። የኤክስፖርት ፈቃድ ሰጪዋ አገር ከመፈረሟ በፊት ሁለት ነገር ታጣራለች። ኮራሉ በሕጋዊ መንገድ ነው ወይ የተገኘው? መነሳቱስ በዱር ያለውን ዝርያ አይጎዳም ወይ? ሁለተኛውን የሚመልሰው ሳይንሳዊው ባለሥልጣን ነው።

ፈቃዱ ላይ አንዲት ፊደል አለች፣ ምንጩን የምትናገር። ደብሊው ከዱር የተነሳ ነው። ኤፍ በቁጥጥር ሥር የተወለደ፣ የመጀመሪያም ሆነ ተከታይ ትውልድ፣ ግን የሲን መስፈርት ያላሟላ ነው። ሲ ከዚያ ጠበቅ ያለ መስፈርት ያሟላ፣ በቁጥጥር ሥር የተራባ ነው። አር ከዱር በልጅነቱ ተነስቶ በቁጥጥር ያደገ ነው። ሻጩ በማስታወቂያው ገንዳ ውስጥ ያደገ ነው እያለ ፈቃዱ ላይ ደብሊው ካለ ማብራሪያ ጠይቁ፤ አንዳንዴ በቂ ምክንያት አለው፣ ለምሳሌ የእናቲቱ ኮራል ታሪክ በማስረጃ ካልተደገፈ ባለሥልጣኑ ልጆቿንም እንደ ዱር ሊቆጥራቸው ይችላል።

ገንዳዬ ውስጥ ቆርጬ ያሳደግኩት ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም የሚለው ወሬ ስንት ሰው አስወርሷል። ያስፈልገዋል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ፍራግ ሕጉ ፊት ኮራል ነው። ከሌላ አገር ካለ አሳዳጊ ጋር ልትለዋወጡ ከሆነ፣ እሱ የእናቲቱን ኮራል ከየት እንዳመጣት የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የድሮ ፈቃድ ኮፒ ከሌለው፣ ማመልከቻው እዚያው ይቆማል። ክፋት አይደለም፤ ባለሥልጣኑ የሚፈርምበት ነገር የለውም፣ በቃ።

የላኪ አገሮች ሕግም ይገለባበጣል። ፊሊፒንስ ኮራል ወደ ውጭ መላክ ከልክላለች። ኢንዶኔዥያ ከዓለም ትልልቆቹ ላኪዎች አንዷ ናት፣ ሆኖም በ2018 ድንገት አቁማው ስንቱ አስመጪ ባዶ ገንዳ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ያመጣ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ቅድመ ክፍያውን አስራችሁ ተነጋገሩ። ፈቃዱ ተፈርሞ ኮፒው እጃችሁ እስኪገባ ሙሉውን አትክፈሉ። ማመልከቻው ላይ የሚሞላው ቁጥር ደግሞ የምትወስዱት ከፍተኛው ቁጥር ይሁን። 12 ፈቃድ ይዞ 10 መላክ ይቻላል። 12 ይዞ 14 መላክ አይቻልም። እዚያው ላይ ምርቃት አልፈልግም ብላችሁ ጻፉ። ነውር አይደለም። እኔ አሁን በደማቁ ነው የምጽፈው።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የኤክስፖርት ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ ስድስት ወር ነው የሚያገለግለው። ለእያንዳንዱ ጭነት የየራሱ ፈቃድ ይወጣል፣ አንዱን ሁለቴ መጠቀም የለም። ኦሪጅናሉ ከሳጥኑ ጋር መሄድ አለበት፤ ስካን ወይም ፎቶ አይበቃም፣ ሁለቱም አገሮች በኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ካልተስማሙ በስተቀር። ኮራሉ ከደረሰ በኋላ ፈቃዱን አወጣለሁ የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። ወደ ኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ለየት ላለ አጋጣሚ የተተወ ነገር ነው፣ ለረሳ ሰው የተዘጋጀ አይደለም።

የማስገቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ አገር ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ የኤክስፖርት ፈቃዱን ኮፒ ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሻጩ ያወጣል፣ ኮፒ ይልካል፣ እናንተ ታመለክታላችሁ፣ የእናንተ ሲወጣ ብቻ በረራ ይያዛል። የሻጩ ስድስት ወር ግን በዚህ ሁሉ መሃል እየቆጠረ ነው። የሁለቱን ጊዜ ሳታገናዝቡ ቲኬት አትቁረጡ።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ኮራሉ ሲወጣ የላኪዋ አገር ጉምሩክ ወይም ተቆጣጣሪ ፈቃዱ ላይ በትክክል የወጣውን ቁጥር ሞልቶ ማህተም ማድረግ አለበት። ያቺ ቦታ ባዶዋን ከመጣች መዳረሻው ላይ ፈቃዱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ሻጩ ከኤርፖርት ሲመለስ የታተመውን ገጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ካያችሁት ሊስተካከል ይችላል። ካረፈ በኋላ አይሆንም።

ሻንጣ ወይስ ካርጎ?

አንዳንዱ ሰው ቱሪስት ሆኖ ሄዶ ሁለት ፍራግ በሻንጣ ይዞ ሊመለስ ያስባል። ለግል ዕቃ የሚሰጥ ነፃ መብት አለ እኮ ይላሉ። አለ፣ ግን ያ መብት በአብዛኛው የሚመለከተው የሞተውን ነው፣ እንደ ዛጎል ያለውን። ሕይወት ላለው ኮራል እንዳትተማመኑበት። በእጅ ሻንጣ ደግሞ ከ100 ሚሊሊትር በላይ ፈሳሽ የማያሳልፉ ፍተሻዎች አሉ፣ ኮራል ደግሞ ያለ ውሃ አይሄድም። ተመዝጋቢ ሻንጣ ውስጥ ሕይወት ያለው እንስሳ የሚቀበል አየር መንገድ ከተገኘ፣ ከነወረቀቱ ነው የሚቀበለው።

ስለዚህ ካርጎ ነው። አየር መንገዱ አያታ የሚባለውን የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የሕያው እንስሳት ደንብ ይከተላል፤ ሳጥኑ፣ መለያው፣ ሕይወት ያለው እንስሳ የሚለው ጽሑፍና ወደ ላይ የሚያሳየው ቀስት ከዚያ ነው የመጡት። ከተቻለ ቀጥታ በረራ ያዙ። በሦስተኛ አገር የሚያልፍ ጭነት ከጉምሩክ ቁጥጥር እስካልወጣ ድረስ በስምምነቱ ከፈቃድ ነፃ ነው፣ ሆኖም አንዳንድ አገሮች ለትራንዚትም ወረቀት ያያሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማረፊያ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ወይም ብርድ ላይ የሚቆምበት ዕድል ነው። አርብ ማታ የሚያርፍ በረራ አትያዙ። ተቆጣጣሪው ሰኞ ነው የሚገባው።

ከሳይተስ ፈቃዱ ሌላ ሳጥኑን የሚከተሉት ኤር ዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ እና አገራችሁ ከጠየቀች የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት ናቸው። ሕይወት ያለው ጭነት የሚያውቅ ትራንዚተር ያዙ። ልብስና መለዋወጫ ብቻ ሲያስወጣ የኖረ ሰው ኮራሉን መጋዘን አስገብቶ ነገ እንመለሳለን ሊላችሁ ይችላል።

እሽጉ

ይሄ ክፍል ሻጩን ነው የሚመለከተው፣ እናንተ ግን በቪዲዮ አሳዩኝ ማለት ትችላላችሁ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ፍራጉ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ አይላክም። የተቆረጠው ጠርዝ ሁለት ሳምንት ገደማ አግኝቶ በሥጋ እስኪሸፈን ይጠበቃል፤ አለዚያ በመንገድ ላይ ልጋጉን እያወጣ የራሱን ውሃ ያበላሻል። ከመላኩ አንድ ሁለት ቀን በፊት ምግብ ይቆማል። ውሃው ንጹህና አዲስ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ።

አክሮፖራው እንዴት እንደሚገባ ላሳያችሁ። ትንሽ የፎም ቁራጭ ይወሰዳል። የፍራጉ መቀመጫ በጎማ ይታሰርበታል። ከዚያ ተገልብጦ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፦ ፎሙ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ ታች። እንዲህ ከሆነ ላስቲኩ ሲንገዋለል ጫፎቹ ግድግዳ አይነኩም፣ ላስቲኩንም አይበሱትም። ኮራሉን በደንብ የሚሸፍን ውሃ ይደረጋል፣ የቀረው ቦታ በኦክስጅን ይሞላል፣ አፉ ተጠምዝዞ በጎማ ይታሰራል። ከዚያ ሌላ ላስቲክ በላዩ፣ ተገልብጦ፣ የመጀመሪያው ቋጠሮ የሁለተኛው ታች እንዲሆን። ጠርዙ እንደ ቢላ የሆነ ዩፊሊያ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመራል። ሥጋው ያበጠ ኮራል ከመታሸጉ በፊት ቀስ ብሎ በእጅ እየተነካካ ይሰበሰባል፣ አብጦ ከገባ በራሱ አጽም ነው የሚቀደደው።

አሁን ያቺ ወሳኟ ነገር። በውስጠኛውና በውጨኛው ላስቲክ መሃል ውሃ በማይፈታው ቀለም የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ ተራ ቁጥር፣ ሳይንሳዊ ስም። ተራ ቁጥሩ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ይግጠም። ተቆጣጣሪው ላስቲኩን ሳይከፍት አይቶ ማለፍ ይችላል። ዞአንቲድና ፓሊቶዋ ካለ መርዛማ መሆኑን ለብቻው ጻፉበት። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው፣ ያልጠበቀ ሰው በተቆረጠ ጣቱ ሊነካው አይገባም። እናንተም ጓንት አድርጉ፣ የተጣበቁበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ አታጥቡ።

ሳጥኑ ወፍራም ፎም ይሁን፣ ከውጭ ካርቶን። ሲበርድ ማሞቂያ ከረጢት ከክዳኑ ሥር ይለጠፋል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩን ሳይነካ። ከረጢቱ ለመሞቅ አየር ስለሚፈልግ ሳጥኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት። ባዶ ቦታ ካለ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። አንድ ሞኝ ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፦ ኦሪጅናል ፈቃዱ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። አንዱ ላስቲክ አፈሰሰ። ጨው ውሃ የጠጣ ማህተም ይነበባል አይነበብም የሚለውን ክርክር ለጠላቴም አልመኝም። ወረቀቱ ከሳጥኑ ውጭ በታሸገ ኪስ ይሁን፣ ወይም ከኤር ዌይ ቢሉ ጋር ይሂድ።

ድንበሩ ላይ

ቀድማችሁ ድረሱ። የሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ፣ የራሳችሁን የማስገቢያ ፈቃድ ኦሪጅናል፣ መሥሪያ ቤቱ የመለሰላችሁን ኢሜይል ያዙ። ተቆጣጣሪው የሚያየው ቀላል ነው። ፈቃዱ ጊዜው አላለፈም? ማህተሙ አለ? ስሙ ይገጥማል? ቁጥሩ ይገጥማል? ሕይወት ያለው ኮራል በቁራጭ ነው የሚቆጠረው፣ ላይቭ ሮክ በኪሎ። የኮራል ቁጥር በኪሎ የተጻፈበት ፈቃድ ካያችሁ ከመነሻው አስተካክሉት።

ሳጥኑ እንዳይከፈት አትለምኑ። ይልቅ ቶሎ እንዲከፈትና ቶሎ እንዲዘጋ ነው መለመን ያለባችሁ፤ ጥሩ መብራት ያለበት ቦታ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ፊት ራቅ ብሎ። ካስፈቀዷችሁ ላስቲኮቹን በተራ ቁጥራቸው ደርድሩላቸው። የኔ ሁለተኛ ሳጥን በዚህ መንገድ ፈጥኖ አለቀ። አንድ ሁለት እያልን እየቆጠርን፣ እሷም ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ምልክት እያደረገች። የመጀመሪያውን የቆጠረችው ያቺው ሴት ነበረች፣ አስታውሳኛለች መሰለኝ፣ ምርቃት የለም ብላ ሳቀች።

ችግር ከመጣ አትዋሹ፣ አትጨቃጨቁ። ልዩነቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ብታሳውቁ ይሻላል። የተወረሰ ኮራል በስምምነቱ መሠረት ወደ መጣበት አገር ሊመለስ ወይም ወደ ማቆያ ማዕከል ሊሄድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ለእናንተ የሚመለስ አይደለም። የጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበሉ፣ የቀረውን ይዛችሁ ሩጡ።

ቤት ሲደርስ

ሳጥኑን ደብዘዝ ባለ ብርሃን ክፈቱ። ላስቲኩን ሳትፈቱ ገንዳው ውስጥ 15፣ 20 ደቂቃ አንሳፍፉ፣ ሙቀቱ እንዲቀራረብ። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ ላስቲኩ ውስጥ አሞኒያም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተጠራቅሟል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤች የሚባለውን የአሲድነት መለኪያ ዝቅ ስላደረገው (ውሃው አሲዳማ ሲሆን ዝቅ ይላል) አሞኒያው ብዙም ጉዳት በማያደርስ መልኩ ተቀምጧል። ላስቲኩን ስትከፍቱት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያው ወደ መርዛማው መልኩ ይቀየራል። እናንተ ደግሞ ቀስ በቀስ ላለማምድ ብላችሁ ለሁለት ሰዓት ጠብ ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ በመርዝ ውስጥ እያቆያችሁት። ረጅም መንገድ የመጣን ኮራል፣ ጨዋማነቱ ከተቀራረበ፣ ከከፈታችሁ በኋላ ቶሎ አውጡት።

ከዚያ መታጠቢያ። ለኮራል የተዘጋጀ ማጥለቂያ ወይም አዮዲን በመመሪያው ልክ፣ በሌላ ባልዲ። አክሮፖራን የሚበላ ጠፍጣፋ ትል፣ ሞንቲፖራን የሚበላ ኑዲብራንክ (ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ)፣ አይፕታሲያ የሚባል ተዛማች የባሕር አኔሞን፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ነው የሚገቡት። ማጥለቂያው ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ ዋናው ገንዳ ውስጥ አታስገቡት። ለብቻው ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ወር ይቀመጥ፣ በየሳምንቱ እየታጠበ፣ ማታ በባትሪ እየታየ። መቀመጫውን መቀየር ከቻላችሁ ቀይሩት፤ እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ እዚያ ሥር ነው።

የላስቲኩ ውሃ ወደ ገንዳም፣ ወደ ወንዝም፣ ወደ ባሕርም አይደፋም። በበረኪና ገድላችሁ፣ አቆይታችሁ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባል የአኳሪየም አልጌ በ1984 ሞናኮ አጠገብ ታይቶ ሜዲትራንያንን አጥለቅልቋል። በ2000 ካሊፎርኒያ ሲገኝ ለማጥፋት እስከ 2006 ድረስ ፈጅቷል። በአንድ ባልዲ ነው የሚጀምረው።

ፈቃዱን አትጣሉት። ኮፒውን ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ማህደር ውስጥ አኑሩ፣ በላዩም የትኛው ፍራግ የትኛው ተራ ቁጥር እንደነበረ፣ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደተቆረጠ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮራሉ አድጎ ለሰው ስትሰጡ ያንን ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ አብራችሁ ስጡት። ያ ሰው ድንበር ማዶ ካለ ደግሞ ማመልከቻው ላይ እናቲቱ ከየት መጣች ተብሎ የሚጠየቀው ከዚያ ገጽ ይመለሳል።